አዲሱ ግንብና ያልደረሱት ዐሥራ ሦስት ባለሙያዎች

ከናፖሊ ወደ ካፕሪ ደሴት የሚሻገር መንገደኛ ትኬቱን ቆርጦ ጀልባ የሚጠብቀው ቤቬሬሎ በሚባለው የወደብ መድረክ ላይ ነው። ሻንጣውን አጠገቡ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ከተማው ሲመልስ፣ አምስት ወፋፍራም ክብ ማማዎች ያሉት ግዙፍ ግንብ ከፊቱ ተደቅኖ ያያል። አራቱ ማማዎች ጥቁር ግራጫ፣ አንዱ ቢጫ ነው። ወደ ከተማው በሚያየው ጎኑ ደግሞ፣ በሁለት ጥቁር ማማዎች መካከል፣ ከላይ እስከ ታች በቅርጻ ቅርጽ የተሞላ ነጭ የእብነ በረድ በር ቆሟል። ከማማዎቹ የአንደኛው ስም ቤቬሬሎ ነው። ወደቡና ግንቡ ስም እስከ መጋራት የተጎዳኙ ናቸው።

የግንቡ ስም ካስቴል ኑኦቮ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «አዲሱ ግንብ» ማለት ነው። ዕድሜው ግን ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ግንብ ለእናንተ መጻፍ የፈለግሁት፣ ታሪኩ ከነገሥታቱ ይልቅ በመንገድ ላይ ስለሚንቀሳቀሱ ሰዎችና ዕቃዎች ብዙ ስለሚናገር ነው። ድንጋዩ በመርከብ መጥቷል፤ ግንበኛው ድንበር ተሻግሮ መጥቷል፤ ከገነቡት ንጉሦች አንዱ ደግሞ ለሀገራችን ንጉሠ ነገሥት ባለሙያ ለመላክ ሞክሮ አልሆነለትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሌላ አገር የመጣ ንጉሥ

ግንቡን መጀመሪያ ያሠራው የፈረንሳይ ንጉሥ ወንድም የነበረው የአንጁው ሻርል ነው። ሻርል በ1266 በቤኔቬንቶ ጦርነት አሸንፎ የደቡብ ኢጣሊያንና የሲሲሊን መንግሥት ያዘ። ከዚያ በፊት የመንግሥቱ ዋና ከተማ በሲሲሊ ደሴት ያለችው ፓሌርሞ ነበረች። ሻርል መቀመጫውን ወደ ናፖሊ አዛወረ። በከተማዋ ሁለት የቆዩ ግንቦች ነበሩ፤ አንዱ ከባሕሩ ውስጥ በወጣ አለት ላይ፣ ሌላው ወደ የብስ በሚወስደው በር አጠገብ። እሱ የፈለገው ግን ከወደቡ ጎን የሚቆም፣ ምሽግም ቤተ መንግሥትም የሚሆን ቤት ነበር። ሥራው በ1279 ተጀመረ። ከሁለቱ አሮጌዎች እንዲለይ «አዲሱ» የተባለው ያኔ ነው።

ሻርል ግን አልኖረበትም። በ1282 ሲሲሊ ዐመፀችበት፣ ደሴቲቱን የአራጎን ንጉሥ ያዘበት፤ እሱም በጦርነቱ እንደ ተጠመደ በ1285 ሞተ። የገቡበት ልጁና የልጅ ልጁ ናቸው። በ1294 በዚሁ ግንብ ውስጥ በሮማ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እጅግ ያልተለመደ ነገር ሆነ። ከተራራ ዋሻ ወጥቶ ሊቀ ጳጳስ የተደረገው መናኝ ቸለስቲኖ አምስተኛ፣ ገና ግማሽ ዓመት ሳይሞላው «ይብቃኝ» ብሎ ሥልጣኑን በታኅሣሥ ለቀቀ። ከዐሥር ቀን ብዙ ሳይርቅ ቦኒፋሲዮ ስምንተኛ እዚያው ተመረጠ።

ከአንጁዎች ግንብ እስከ ዛሬ የቆመው ዋናው ክፍል የጸሎት ቤቱ ነው። ከ1328 እስከ 1333 ባለው ጊዜ ስመ ጥሩው የፍሎረንስ ሠዓሊ ጆቶ መጥቶ ግድግዳውን ሥሎት ነበር። ሥዕሉ ጠፍቷል፤ በመስኮቶቹ ጥግ ጥቂት ቁርጥራጭ ብቻ ቀርቷል።

በውኃ ቦይ የገባው ጦር

የዛሬውን ግንብ ያገኘነው ከአልፎንሶ ነው። አልፎንሶ የአራጎን ንጉሥ ነበር፤ ባርሴሎና፣ ቫሌንሲያ፣ ማዮርካ፣ ሰርዴኛና ሲሲሊ በእጁ ነበሩ። በካርታ ብታዩት ግዛቱ በባሕር የተበታተነ ነው፤ የሚያያይዘው መርከብ ብቻ ነበር። ናፖሊን ለመያዝ ለዓመታት ተዋጋ። በመጨረሻ በሰኔ 1442 ወታደሮቹ ከተማዋ ውስጥ የገቡት ግንቡን ንደው አልነበረም፤ ውኃ በሚያመጣው የመሬት ውስጥ ቦይ ተሹለክልከው በጉድጓድ በኩል ወጡ። ቦዩን የሚያውቁ ግንበኞች እንደ መሯቸው ይነገራል።

በየካቲት 1443 አልፎንሶ እንደ ጥንት የሮማ ነገሥታት በሠረገላ ሆኖ በድል ገባ። አሮጌው የአንጁዎች ግንብ በጦርነቱ ተጎድቶ ነበር። ከመጠገን ይልቅ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ እንዲሠራ አዘዘ።

ያን ጊዜ የጦር መሣሪያው ተለውጦ ነበር። የአንጁዎች ማማ ረጅምና ቀጭን ነበር፤ ረጅም ማማ ቀስትና ድንጋይ ለሚወረውር ጠላት ጥሩ ነው፣ ከሩቅ ያያል፣ ከላይ ይወረውራል። መድፍ ሲመጣ ግን ረጅሙ ማማ ጥሩ ዒላማ ሆነ። ስለዚህ የአልፎንሶ ማማዎች አጠርና ወፈር ተደረጉ። ክብ የሆኑበት ምክንያት የመድፍ ጥይት ጠፍጣፋ ግድግዳን ፊት ለፊት ሲመታው ስለሚንደው፣ ክቡን ሲመታው ግን ወደ ጎን ስለሚንሸራተት ነው። እግራቸው ወደ ታች እየሰፋ የሚሄደውም ለዚሁ ነው፤ ጥይቱን ያነጥራል፣ ከሥር ቆፍሮ ለመጣል የሚመጣንም ያስቸግራል። በዙሪያው ጥልቅ ቦይ ተቆፈረ።

አራቱ ማማዎች የተለበዱበት ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ፒፔርኖ ይባላል፤ ከናፖሊ ምዕራብ ካለው የእሳተ ገሞራ ምድር የሚወጣ ጠንካራ ድንጋይ ነው። አምስተኛው፣ «የወርቅ ማማ» የሚባለው፣ ቱፎ ከሚባለው ቢጫ ለስላሳ ድንጋይ ተሠርቷል። ናፖሊ ራሷ በአብዛኛው የተሠራችው በዚህ ቱፎ ነው፤ ከከተማው ሥር እየተቆፈረ ይወጣል፣ በመጋዝ ይቆረጣል።

የነጋዴዎችን ቤት የሠራው ሰው

ለዚህ ሥራ አልፎንሶ ያስመጣው ዋና ባለሙያ የማዮርካው ጊየም ሳግሬራ ነው። ይህን ሰው እኛ ነጋዴዎች ልናውቀው ይገባል። በማዮርካ ዋና ከተማ በፓልማ፣ በባሕሩ ዳር፣ ሎንጃ የሚባል አዳራሽ አለ፤ ነጋዴዎች እየተገናኙ ዋጋ የሚነጋገሩበት፣ ውል የሚዋዋሉበት ቤት ነበር። ያንን ቤት ለመሥራት ከነጋዴዎቹ ማኅበር ጋር በ1426 የተዋዋለው ሳግሬራ ነው። እንደ ዘንባባ ግንድ ጠመዝማዛ ሆነው የሚወጡ ቀጫጭን ምሰሶዎች ያሉት እጅግ የሚያምር አዳራሽ ሠራላቸው። መጨረሻ ላይ ግን በውሉ ተጣሉ፤ ሳግሬራም ወደ ናፖሊ ሄደ። ውል ላይ መጣላት ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ሳግሬራ ብቻውን አልመጣም፤ ሠራተኞቹም ከማዮርካ ተከተሉት። ሳንታኚ ከሚባለው የማዮርካ ቦታ የሚወጣው ወርቃማ ድንጋይ ሳይቀር በመርከብ ተጭኖ ናፖሊ ወረደ። በከተማው ሥር ድንጋይ ሞልቶ ሳለ ከባሕር ማዶ ማስጫን ለምን አስፈለገ ብንል፣ ባለሙያው እጁ የለመደውን ድንጋይ ይመርጣል። ንጉሡም መርከብ ነበረው፤ ማዮርካም ናፖሊም የእሱ ስለነበሩ በመካከል የሚያስቆመው አልነበረም።

ሳግሬራ የነደፈው ትልቁ አዳራሽ ዛሬ «የመኳንንቱ አዳራሽ» ይባላል። ጎኑ 26 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 28 ሜትር ገደማ ነው። ወለሉ አራት ማዕዘን ሲሆን ወደ ላይ ሲወጣ ማዕዘኖቹ እየተቆረጡ ስምንት ጎን ይሆናል። ከየማዕዘኑ የተነሡ የድንጋይ አጥንቶች ወደ መካከል እየተጠላለፉ የኮከብ ቅርጽ ይሠራሉ። ዣንጥላን ከሥር ሆኖ እንደ ማየት ነው፤ የጣሪያውን ክብደት የሚሸከሙት እነዚያ አጥንቶች ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ልባስ ብቻ ነው። በኮከቡ እምብርት ክብ ቀዳዳ አለ፤ ብርሃን ከዚያ ይወርዳል። ሳግሬራ አዳራሹ አልቆ ሳያይ ሞተ፤ ዘመዶቹና ረዳቶቹ ጨረሱት። በታኅሣሥ 1456 ናፖሊንና ዙሪያዋን ያናጋው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣም ሥራው አልቆመም።

የእብነ በረዱን በር የቀረጹትም እንዲሁ ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። ፒዬትሮ ከሚላኖ፣ ኢዛያ ከፒዛ፣ ፓኦሎ ከሮማ አካባቢ፣ ፍራንቼስኮ ላውራና ከአድርያቲክ ባሕር ማዶ ከዳልማቲያ፣ ፔሬ ዡዋን ከካታሎንያ። ሥራው በ1450ዎቹ ተጀመረ፤ አልፎንሶ በ1458 ሲሞት አላለቀም ነበር። ልጁ ፌራንቴ በ1471 ገደማ አስጨረሰው። በበሩ ላይ አልፎንሶ በሠረገላ ተቀምጦ የገባበት ያ የ1443 ቀን ተቀርጿል።

ከኢትዮጵያ የመጣው ጥያቄ

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። አልፎንሶ ናፖሊን ከመያዙ ብዙ ዓመታት በፊት፣ በ1427 እና በ1428 መካከል፣ ቫሌንሲያ ሳለ የዓፄ ይስሐቅ መልእክተኞች ደርሰውበት ነበር። ጥያቄው ሁለት ነገር ያዘ። አንደኛው ሁለቱ ቤተ መንግሥታት በጋብቻ ይተሳሰሩ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የእጅ ባለሙያዎችን ላክልን የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ሀገራችን ድንጋይ የሚጠርብ አጥታ የቀረበ አይደለም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ያኔ ለብዙ ትውልድ ተቀድሶባቸዋል። ነገሥታቱ የፈለጉት በየአገሩ ያለውን ልዩ ልዩ ሙያ ወደ ቤታቸው ማምጣት ነው፤ አልፎንሶ ራሱ ሳግሬራን ከማዮርካ ሲያስመጣ ያደረገው ይህንኑ ነበር። የይስሐቅ አባት ዓፄ ዳዊትም በ1402 ቬኒስ መልእክተኛ ልከው ባለሙያ ጠይቀው ነበር።

አልፎንሶ እሺ አለ። ዐሥራ ሦስት ባለሙያዎች ላከ። ዐሥራ ሦስቱም በመንገድ አለቁ፤ አንድም ኢትዮጵያ አልደረሰም።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሜዲትራኒያን ወደ ቀይ ባሕር ለማለፍ በግብፅ በኩል መሄድ ግድ ነበር፦ እስክንድርያ፣ ካይሮ፣ በዓባይ ሽቅብ፣ ከዚያ በረሃውን አቋርጦ ወደ ባሕር። ያ ሁሉ በካይሮ የነገሡት የማምሉክ ሱልጣኖች ግዛት ነበር። በሁለቱ ባሕሮች መካከል የሚያልፈውን ቅመምና ጨርቅ እየቀረጡ ይኖሩ ነበርና፣ አውሮፓና ኢትዮጵያ በቀጥታ እንዲገናኙ አልፈለጉም። ምን ያህል እንዳልፈለጉ የሚያሳየን የአንድ ነጋዴ ታሪክ ነው። አሊ አል ተብሪዚ የሚባል የፋርስ ሰው፣ በእምነቱ ሙስሊም፣ የዓፄ ይስሐቅን ጉዳይ ይዞ ወደ አውሮፓ ተመላልሶ ነበር። ሲመለስ በእስክንድርያ ተያዘ፤ በ1429 ካይሮ ላይ ተሰየፈ።

ዓፄ ይስሐቅ አልፈው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነገሡ። እሳቸውም ጥያቄውን አልተዉትም። በ1450 መልእክተኞቻቸው ወደ አልፎንሶ ደረሱ፤ አሁን ግን ወደ ናፖሊ ነው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ፒዬትሮ ሮምቡሎ የሚባል የሲሲሊዋ መሲና ሰው ነበር። ኢትዮጵያ ገብቶ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖሯል፤ ነገሥታቱን አገልግሏል፤ ሽማግሌ ሆኖ የእነሱ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ተወለደበት ባሕር ተመለሰ። ፒዬትሮ ራንዛኖ የሚባል መነኩሴ ናፖሊ ላይ አግኝቶ ያየውን ሁሉ አስነግሮ ጻፈለት።

እንግዲህ ያንን ዓመት አስቡት። ወደቡ ዳር መዶሻ ይጮኻል፤ ከማዮርካ የመጣ ድንጋይ ከመርከብ ይወርዳል፤ ማማዎቹ እየተነሡ ነው። ባለሙያ ፍለጋ ከኢትዮጵያ የመጡት ሰዎች ደግሞ በዚያች ከተማ ናቸው። አልፎንሶ በመስከረም 1450 ለዘርዓ ያዕቆብ መልስ ጻፈ። በዚያ ደብዳቤ ነው የዐሥራ ሦስቱን መሞት የምናነበው። በሰላም መድረሳቸው ከተረጋገጠ ባለሙያዎችን ለመላክ ፈቃደኛ መሆኑንም ገለጸ።

በሰላም መድረሳቸው ከተረጋገጠ። ያንን ማረጋገጫ የሚሰጥ ሰው ናፖሊም አልነበረ፣ ኢትዮጵያም አልነበረ። ሁለቱ ነገሥታት የፈለጉት አንድ ዓይነት ሰው ነበር። ገንዘቡም ፍላጎቱም ከሁለቱም ዘንድ ነበር። አንዱ አገኘ፣ መንገዱ የራሱ ነበርና። ሌላው አጣ፣ መንገዱ በሰው እጅ ነበርና።

ከንጉሥ ጋር ሽርክና

የሳግሬራ አዳራሽ «የመኳንንቱ» የተባለበት ምክንያትም ለነጋዴ ትምህርት አለው። በፌራንቴ ዘመን ፍራንቼስኮ ኮፖላ የሚባል ባለ መርከብ ሀብታም ነጋዴ ነበር። ከንጉሡ ጋር በሽርክና ይነግድ ነበር፤ ንጉሡም የሳርኖ ቆንት አድርጎ ሾመው። በ1485 መኳንንቱ በፌራንቴ ላይ ሲያምፁ ኮፖላም አብሯቸው አሤረ። ዐመፁ ሳይሳካ ቀረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዕርቅ ወረደ ተባለ።

በነሐሴ 1486 ንጉሡ የኮፖላን ልጅ ለገዛ የልጅ ልጁ ሊድር ሠርግ ጠራ። እንግዶቹ በዚያ በኮከብ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡ። በሩ ተዘጋ፤ ሠርገኞቹ ተያዙ። በግንቦት 1487 ኮፖላና የንጉሡ ጸሐፊ የነበረው አንቶኔሎ ፔትሩቺ አንገታቸው ተቆረጠ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ናፖሊም ይሠራ ነበር።

ፌራንቴ የቀደመ ድሉን ያሳየበት የነሐስ በርም አለ፤ በ1470ዎቹ ጉሊየልሞ ሞናኮ የሠራው ነው። በአንዱ ቁራጭ ላይ የመድፍ ጥይት ነሐሱን ሰርስሮ እንደ ተቀረቀረ አለ። ፈረንሳዮች በ1495 ናፖሊን ይዘው በሩን በመርከብ ሲወስዱት በባሕር ላይ ጦርነት እንደ ተመታና እንደ ተመለሰ ይነገራል። የናፖሊ ሰዎች ሌላም ያወራሉ፦ በግንቡ ሥር ካለው እስር ቤት እስረኞች እየጠፉ ቢቸገሩ፣ ከግብፅ መርከብ ተከትሎ የመጣ አዞ በቀዳዳ እየገባ ሲወስዳቸው ተገኘ ይላሉ። ተረት ነው። ተረቱም ቢሆን ግን የሚመጣው በወደቡ በኩል ነው።

መንገዱ ሲከፈት

ስዊዝ በ1869 ተከፈተ። ዐሥራ ሦስቱ ባለሙያዎች ያለቁበት መንገድ ለማንኛውም መርከብ የጥቂት ቀን ጉዞ ሆነ። በ1920ዎቹ የፋሺስቱ መንግሥት በግንቡ ዙሪያ የተለጠፉትን ቤቶች አፍርሶ ማማዎቹን ጠገናቸው። ከግንቡ ፊት ለፊት፣ የአንጁዎችን ስም በያዘው መድረክ ላይ፣ በ1933 አዲስ የመንገደኞች ጣቢያ መሥራት ጀመረ። በ1935 ደግሞ ከዚሁ ወደብ ወታደርና ጥይት የጫኑ መርከቦች በስዊዝ በኩል ወደ ምጽዋ ተነሡ። ቦዩን የያዙት እንግሊዞች አልዘጉባቸውም። ከዚያ በኋላ የሆነውን በየቤታችን እናውቀዋለን።

ዘርዓ ያዕቆብ ከዚያ ወደብ ግንበኛ ለምነው ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ መንገዱ ተከፍቶ የመጣው ጦር ሆነ።

ዛሬ ግንቡ ቤተ መዘክር ነው። የከተማው ምክር ቤት እስከ 2006 ድረስ በመኳንንቱ አዳራሽ ይሰበሰብ ነበር። ከእናንተ በናፖሊ በኩል የሚያልፍ ቢኖር፣ ጀልባው እስኪደርስ ጊዜ ካለው፣ መንገዱን ተሻግሮ ይግባ። በእብነ በረዱ በር ላይ ንጉሡ በሠረገላው አለ፤ የቀራጮቹን ስምም መጻሕፍት ይዘውታል። ከዚያ ወደ አዳራሹ ገብቶ በኮከቡ መካከል ወዳለው ብርሃን ቀና ይበል። ያንን የሠሩት ሰዎች በሰላም የደረሱ ናቸው። ስለ ዐሥራ ሦስቱ የቀረን በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው።